ጀልባዬ ውስጥ ውሃ የሚያፈስ ማነው?

ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ሰው አያምንም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ያደግሁበትን መናገሬ ነው። አባቴ ፍኖተ ሰላም ላይ የናፍጣ ወፍጮ ነበረው፤ አሁን የእኔ ነው። እህል ይዞ የሚመጣው ሁሉ ዱቄቴን ይሰርቀኛል ብሎ ዓይኑን ከማፍሰሻው ላይ አይነቅልም። እኛ ደግሞ እርጥብ እህል አምጥቶ ድንጋያችንን ሊያበላሽብን ነው ብለን እጃችንን እስከ ክንዳችን ጆንያው ውስጥ እንከታለን። እንዲህ እየተጠራጠርን ስንት ዘመን አብረን ኖረናል፤ ደግሞም ደህና ጎረቤቶች ነን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት አባቴ ጠዋት ማታ ይደግማት ነበር።

ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ያረጀ የእንጨት ሞተር ጀልባ ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ሳስቀምጥ፣ አገሩ ሁሉ እኔን ጠረጠረኝ፤ እኔም አገሩን ሁሉ ጠረጠርሁ። ከጠረጠርኋቸው መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የማወራው የእሳቸውን ስም እንዴት እንዳጎደፍሁ ነው።

ጀልባውን ያገኘሁት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሞተው፣ ጀልባው ዋርካ ሥር ተገልብጦ፣ ሥሩ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር። በተማሪነቴ እንዲህ ባለ ጀልባ አንድ ጊዜ ተሳፍሬ አውቃለሁ። ሞተሩን በማኖቬላ፣ በብረት እጀታው፣ አዙረው ሲያስነሱት ድምፁ ቁርጥ የአባቴ ወፍጮ ሆነብኝ። ያው አንድ ሲሊንደር፣ ያው ጭስ። የአባቴ ሞተር ግን ቀኑን ሙሉ ጮኾ እዚያው የቆመበት ነው የሚያመሸው፤ ይኸኛው ሄደ! ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሆዴ አልወጣም። ልጆቹ «ውሰደው፣ ግቢውን ነው የዘጋብን» ሲሉኝ ዋጋውን እንኳ ደህና አድርጌ አልተከራከርሁም። ይህም ለእኔ ያልተለመደ ነው።

በአይሱዙ ጭነን ስንመጣ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ የጀልባውን ሆድ በዱላ ሁለቴ አንኳኳና «ውስጡ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነ ለምን ትወስደዋለህ?»

እንግዲህ ለዚህ ምን ይመለሳል! ግማሽ ሰዓት አቁሞን ሸራውን ገልጦ፣ ተንበርክኮ፣ በስልኩ መብራት ሥሩን ሁሉ አይቶ፣ ምንም ሲያጣ ጊዜ ጭራሽ ባሰበት። ባይለቅቀን ኖሮ አልፈርድበትም ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልለቅም።

ፍኖተ ሰላም ስደርስ ጎረቤት ግንብ ላይ ወጥቶ ጠበቀኝ። ግንብ የሚጋራኝ እህል ነጋዴ ነው፤ ምላሱ አያርፍም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤ አንተ ደግሞ ውሃ በሌለበት ጀልባ አመጣህብን!» አለኝ። በሳምንቱ ወፍጮ ቤት የሚመጡት ሴቶች ጎርፍ ሊመጣ ነው ብሎ የነገረኝ ባሕታዊ ማን እንደሆነ ይጠይቁኝ ጀመር። ሌሎቹ ደግሞ ጀልባው ሆድ ውስጥ የተቀበረ ነገር አለ አሉ። ሚስቴ ብቻ ዋናውን ነገር ጠየቀች። «እኔ ልብስ የማሰጣው የት ነው?»

ሞተሩ አላሳሰበኝም። ኖዝሉን አውርጄ፣ ቀለበቱን ለውጬ፣ ዘይቱን አጥቤ በሁለት ወር አስነሳሁት። የቸገረኝ እንጨቱ ነው። ከሥሩ በኩል አራት ሳንቃ በስብሷል። ፍኖተ ሰላም ያሉት አናጺዎች በርና አልጋ እንጂ የጎበጠ ነገር አይሠሩም። አንዱ መጥቶ አየውና «ቆርቆሮ ብንመታበትስ?» አለኝ፤ በዓይኔ ሸኘሁት።

ሽማግሌውን ያመለከተችኝ ሚስቴ ናት። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የሚኖሩ፣ ትውልዳቸው አዊ የሆነ ገበቴ ጠራቢ ናቸው። ከዋንዛ ግንድ ገበቴና ሙቀጫ እየጠረቡ ቡሬ ገበያ ይሸጣሉ። ሀብታቸው መሬት አይደለም፣ ከብትም አይደለም፤ ስማቸው ነው። ቡሬ ላይ «የእሳቸው ገበቴ አይሰነጠቅም» ይባላል፤ እናት ለልጇ፣ ልጅ ለልጇ ታወርሰዋለች። እኛ ዘንድ «አያ» እያልን ነበር የምንጠራቸው።

በረባሶ ተጫምተው፣ ከዘራ ይዘው ሲመጡ ጀልባ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም ነበር። ዙሪያውን ዞሩት፣ በጣታቸው እየመቱ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ከዚያ ሳቁ። «ይኸማ ገበቴ ነው! ትልቅ ገበቴ። ሊጡ ነው የጠፋ» አሉ።

አምስት ወር ሠሩ። ሰኞ መጥተው ቅዳሜ ይሄዳሉ፤ ደሳሳዋ እንግዳ ማረፊያችን የእሳቸው ሆነች። ሲለኩ በአገውኛ ነው የሚቆጥሩት። እኔም ልኩን ሊደብቁኝ ነው ብዬ ማታ ማታ በሜትር እለካዋለሁ፤ በአንዲት ጣት እንኳ ስተው አያውቁም። የበሰበሰውን አውጥተው በዋንዛ ተኩት። እኔ መገጣጠሚያውን በዘይት የራሰ ጥጥ እየወተፍሁ በሬንጅ አሸግሁ፣ ቀለም ቀባሁ። አብረን ስንሠራ ብዙ አናወራም። አንዳንድ ቀን መሮውን ያስቀምጡና «እንጨት እንደ ሰው ነው፣ ይጠማዋል» ይላሉ። ሽማግሌ የሚለው አያልቅም ብዬ አልፈዋለሁ። ግን እያደር ሜትሩን ተውሁት፤ ወደድኋቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ አጠገቡ ስቀመጥ ያልጠረጠርሁት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ ብል ውሸት አይሆንም።

ጥር ላይ ሥራው አለቀ። ቆርቆሮ ጥላ ሠርቼ፣ ሸራ አልብሼ አስቀመጥሁት። ዝናቡ አልፎ መንገዱ ደህና ሲሆን፣ ጥቅምት ላይ፣ መራዊ አጠገብ ወዳለው ግድብ ልወስደው ነው ሐሳቤ። ሽማግሌው ሥራው ካለቀም በኋላ በፍኖተ ሰላም ገበያ ቀን ከእኛ ጋር ምሳ በልተው፣ ጀልባውን አይተው ይሄዱ ነበር።

የመጋቢት ፀሐይ ድንጋይ ይሰብራል። ከእነዚያ ቀኖች ባንዱ ከወፍጮ ቤት መጥቼ የሞተሩን ዘንግ ቅባት ልቀባ ሸራውን ስገልጥ፣ ጀልባው ሆድ ውስጥ ውሃ አለ። እንዴ! ዝናብ የለ፣ ቧንቧ የለ። በጨርቅ አደረቅሁት። ከሳምንት በኋላ እንደገና። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና። ቀለም የተቀባ እንጨት ላይ የተኛ ውሃ ያበሰብሳል፤ አራቱን ሳንቃ ያበሰበሰውም ያው ነው። አንድ ሰው ጀልባዬን ሊያጠፋብኝ ነው!

ማንን ልጠርጥር? መጀመሪያ እህል ነጋዴውን። ግቢዬን ለመጋዘን ይመኛል። ከዚያ፣ ሞት ይርሳኝ፣ ሚስቴን። የልብስ ማስጫዋ ጉዳይ አልበረደላትም። ስለዚህ ለማንም አልተነፈስሁም። ጠርጣሪ ሰው ትልቁ ጉዳቱ ይኸ ነው፤ ሁሉን ስለሚጠረጥር የሚጠይቀው ሰው የለውም።

ከዚያ የሙያዬን ዘዴ ተጠቀምሁ። ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ የጠረግሁትን የዱቄት ብናኝ አምጥቼ፣ ጀልባው ዙሪያ በወንፊት በስሱ ነፋሁት። ድመት ብታልፍ እንኳ ታስታውቃለች። አራት ቀን ምንም የለም። በአምስተኛው ቀን፣ ገበያ ቀን ነው፣ ለምሳ ስመጣ ብናኙ ላይ የበረባሶ ጎማ ጥርስ ተቀርጿል። ከጎኑ ደግሞ ድቡልቡል ነጥብ፣ ድቡልቡል ነጥብ፤ የከዘራ ጫፍ። ሆዱ ውስጥ አንድ ባልዲ የሚሆን ውሃ ተኝቷል።

ሽማግሌው!

ለምን ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ወዲያው መጣልኝ። ሳንቃው እንዲበሰብስና እንደገና እንድጠራቸው ነው። ይህ ሐሳብ እንዲህ ፈጥኖ ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ከራሴ ነው። በወጣትነቴ አዴት ላይ የአንድ ሰው ወፍጮ ስጠግን የቺንጋውን፣ የማዞሪያ ቀበቶውን፣ መወጠሪያ ብሎን ሆን ብዬ ሳላጠብቅ ትቼ ሄጃለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመልሼ ተጠራሁ። ሰውየው እጄን ይዞ አመሰገነኝ። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ያለ ሰው እኔን ያየ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ሚስቴ ለቅሶ ደምበጫ ሄዳ ነበር። እህል ነጋዴውንና የዕድራችንን ጸሐፊ ለምሳ ጠራሁ። ለምን እንደጠራኋቸው አልነገርኋቸውም፤ ምስክር እንዲሆኑኝ ነው። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው መጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ባርከው መብላት ጀመሩ። ሦስት ጉርሻ ሳይበሉ ጀመርሁ።

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቅ ልጄ።»

«ጀልባው ውስጥ ውሃ የሚያፈስ ሰው አለ። አንቱ ካልሆኑ፣ እዚህ ሰው ፊት ይማሉልኝ።»

ጸሐፊው ያነሣውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። እኛ አገር ሰው የሚምለው የሰው ከብት ነዳ ሲባል፣ ድንበር ገፋ ሲባል ነው። ማዕድ ላይ የተቀመጠ፣ እንጀራህን የባረከልህን ሽማግሌ «ማልልኝ» ማለት ሌባ ነህ ብሎ ከመስደብ ይብሳል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ግን አላመለጠኝም፣ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ።

«ምን ብለህ ነው የምታስምለኝ?» አሉ ረጋ ብለው።

«የሠሩትን መልሰው እንዳላጠፉ።»

እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። «ውሃውን ያፈሰስሁ እኔ ነኝ። ለዚህ መሐላ ምን ያደርጋል?» አሉ።

«አያችሁ!» አልሁ ወደ ሁለቱ ዞሬ። ያቺን «አያችሁ» ዛሬም ሳስባት ፊቴን ያቃጥለኛል። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁኝ። «ለምን?» ብዬ እንድጠይቃቸው ነበር፤ ዓይናቸው ላይ ይታወቅ ነበር። ብጠይቅ በአንድ ቃል ያለቀ ነገር ነው። እኔ ግን መልሱን ለራሴ መልሻለሁ፣ ምን እጠይቃለሁ? ሲገባቸው ተነሡ፣ ከዘራቸውን ያዙ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ስላበላችሁኝ» ብለው ወጡ። በዚህ ንግግራቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ።

ሚስቴ በማግሥቱ ስትመለስ ነገሩን ከጎረቤት ሰምታ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ መጣች።

«አንተ ሰውዬ! ባልዲውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ እኮ!»

«አንቺ?»

«ገበቴ ሲደርቅ ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል።»

«ታዲያ እንዳይሰነጠቅ ምን ይደረጋል?»

ማድ ቤት ገብቼ አላውቅም።

«ውሃ ተሞልቶ ያድራላ! እንጨቱ ሲጠጣ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል። ይህን የማያውቅ ጎጃሜ አንተን አየሁ። በዚህ ፀሐይ ሳንቃው ተላቅቆ እንዳይቀርብህ ነው የደከሙልህ!»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መች ጠየቅኸን? እኛ የምታውቅ መስሎን!»

በዚህ ጊዜ ሰው የሆነ ሰው ጫማውን አጥልቆ ወደ ቡሬ ይሮጣል። እኔ ግን እሷና ሽማግሌው ተነጋግረው ነው ብዬ ጠረጠርሁ። ጀልባ ደግሞ ገበቴ አይደለም፣ ጥጥና ሬንጅ አለው አልሁ። ሸራውን አጥብቄ አሰርሁት፤ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁት። ምን ያህል እንደጠበቅሁት ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ።

ጥቅምት ደረሰ። ግድቡ ዳር ስናወርደው ሰው እንደ ንግሥ ተሰበሰበ። ከዱርቤቴ እህል ጭነው የሚያልፉ ሳይቀሩ ቆሙ። ሞተሩን አስነሣሁ፣ እንደ ሰዓት ሠራ። ከዳር ሃምሳ ክንድ ያህል እንደሄድሁ እግሬ ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በየመገጣጠሚያው ውሃ እየመነጨ ነው፤ ጥጡ ተንሳፍፎ ወጥቷል። ዞሬ ወደ ዳር ሳልደርስ ሞተሩ አንገራገረና ጠፋ። ጀልባው እስከ አፉ ሞልቶ፣ እኔ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ዳር የቆመው ሰው እንዴት እንደሳቀ!

ያወጣኝ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ጣቱን ስንጥቁ ላይ አሳለፈና «ክረምቱን ደርቆ ነው የከረመ። ሦስት ቀን እዚሁ ውሃ ውስጥ ተወው፣ ራሱ ይገጥማል» አለኝ። እሱ እኔን አያውቀኝም፣ ሚስቴን አያውቅም፣ ሽማግሌውን አያውቅም። ከማን ጋር ተነጋገረ ልበል? ሞተሩን አውርደን ተውነው። በአራተኛው ቀን ውሃውን ጨልፌ ስጠብቅ፣ አንዲት ጠብታ አልገባችም። የሽማግሌው ሳንቃዎች ምላጭ እንዳያስገቡ ሆነው ገጥመዋል። ሞተሩን አድርቄ አስነሥቼ ግድቡን ዞርሁት። ሠላሳ ዓመት የተመኘሁት ነገር ነው፤ ዳር ስደርስ ግን አለቅስ ነበር፣ ከደስታም አልነበረም።

የዕድሩን ጸሐፊ አስታራቂ አድርጌ ወደ ሽማግሌው ላክሁት። ሄዶ ተመለሰ። «ቂም የለኝም ብለዋል» አለኝ። እፎይ ከማለቴ «ቂም ባይኖርም ግን ገበያቸው ሞቷል» አለ።

እህል ነጋዴው ለእህል ቡሬ ይሄዳል። ማዕዴ ላይ ያየውን አንድ ጊዜ ጠላ ቤት አወራ፤ ያወራውም ያየውን ብቻ ነው፣ እኔው ነኝ የጠራሁት። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ወሬው በየገበያው ቀን አንድ አንድ ነገር ሲጨመርበት ከረመ። ሽማግሌው የሠሩትን መልሰው በውሃ ያበላሻሉ ተባለ። ቀጥሎ ገበቴያቸው ላይ የሚያፈሱት ነገር አለ፣ የተሰነጠቀባት ሴት ተመልሳ እንድትገዛ ነው ተባለ። ገበቴ መቼም ያረጃል፣ ይሰነጠቃል። አሁን ቡሬ ማድ ቤት ያለ ያረጀ ስንጥቅ ሁሉ የእሳቸው ሥራ ሆነ። ድሮ እኩለ ቀን ሳይሆን ጨርሰው የሚገቡት ሰው፣ አሁን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ።

በቡሬ ገበያ ቀን ሄድሁ። ይቅርታው ወሬው በተወራበት መሆን አለበት። ገበቴ ተራው ጋ ስደርስ ከመንገዱ ዳር ደህና ድንጋይ አነሣሁ፣ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁና ሽማግሌው ፊት ተንበረከክሁ። ገበያተኛው ከበበን። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ። ውሃውን ያፈሰሱት ጀልባዬን ሊያድኑልኝ እንደሆነ፣ እኔ ሳልጠይቅ እንደከሰስኋቸው፣ ሳንቃዎቻቸው ዛሬ ውሃ ላይ ጠብታ እንደማያስገቡ፣ ውሸታሙ እኔ እንደሆንሁ፤ አንድም አላስቀረሁም። አዴት ላይ ያላጠበቅሁትን ብሎን ሳይቀር ተናገርሁ።

«ጣለው፣ ጣለው ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ ድንጋዩን በእጃቸው ከጫንቃዬ አወረዱት። «እኔ ይቅር ብያለሁ። እግዜር ይቅር ይበልህ።» አነሡኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። አለቀ፣ ተገላገልሁ ብዬ አሰብሁ።

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር።

«ምን ሰጥተውት ይሆን እንዲህ ያስባሉት?» አለች አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ዘመዳቸው ሳይሆን አይቀርም» አለች ሌላይቱ። «ያለ ነገር ድንጋይ የሚሸከም የት አለ?»

ዞሬ ልጮህባቸው አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። በእነሱ ቦታ እኔ ብሆን፣ ቃል በቃል ያንኑ ነው የምለው። ሽማግሌውም ሰምተዋል፤ ገበቴዎቹ ላይ ያረፈውን አቧራ በጋቢያቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ዋልሁ። ሴቶች መጡ፣ እኔን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ አለፉ።

ያን ቀን ይዘው የመጡት ገበቴ ዘጠኝ ነበር። ገበያው ሲበተን ዘጠኙንም አህያው ላይ አብረን ጫንናቸው።